በሩፋኤል ዝናብ የሞላው ታንከር

ሰው የልጅነቱ ሽታ ድንገት ሲመጣበት እንባ ይቀድመዋል ሲሉ እሰማለሁ። እኔን የቀደመኝ ንዴት ነው።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ፣ ጳጉሜን በገባች በማግስቱ፣ ብቸና ወላጆቼ ቤት ደረስኩ። ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ እናቴ፣ «ስመኝ፣ አባትሽ መሰላል መውጣት አቅቶታል። እስቲ ያን ታንከር እጠቢልኝ፤ ነገ ሩፋኤል ነው» አለችኝ። ከጓሮ ዞሬ መሰላሉን አስደገፍኩና ወጣሁ። ክረምቱን ሙሉ ያጠበው ስላልነበር ውሃው ሸቶ ተደፍቷል። ክዳኑን አዙሬ ስከፍተው ፀሐይ የመታው ፕላስቲክ፣ ግድግዳው ላይ የያዘው አረንጓዴ ዝልግልግ፣ ከታች የተኛው ደለልና የቆርቆሮ ዝገት በአንድነት ፊቴን መታኝ። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላኝ ክረምት ሽታ ነው። እዚያው መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ እንደገና ተናደድኩ።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ግቢያችን ውስጥ ቧንቧ ነበረን። ውሃ አልነበረውም እንጂ ቧንቧስ ነበረን። ሲከፍቱት መጀመሪያ ያፏጫል፣ ቀጥሎ ያስላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ውሃ የሚገኘው ከሰፈሩ ቦኖ ነው። ቦኖው የሚከፈተው ጎህ ሲቀድ ሲሆን ሰልፉ የሚጀምረው ከዚያም ቀደም ብሎ ነው። እናቴን ወገቧን ያማታል። አባቴ ጀሪካን ይዞ ቢሰለፍ ከተማው ይስቅበታል ተባለ፤ ማን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ብቻ ተባለ። የአባቴ እናት እማሆይ ደግሞ የመነኮሱ አሮጊት ናቸው። የቀረው ትከሻ የእኔ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አረፈድኩ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ አድማሱ ደወሉ እንዳበቃ በሩን ይቀረቅራሉ፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ካላለቀ አይከፍቱም። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ ሒሳብ ነበር። ክፍልፋይን የተማርኩት በአጥር ቀዳዳ ነው ማለት ይቻላል። ሰኔ ላይ ካርድ ሲሰጥ የሒሳብ ውጤቴ በቀይ ተጽፎ መጣ። ርእሰ መምህሩም አባቴን አስጠርተው፣ በሚመጣው ዓመት እንዲህ ካረፈደች ሰባተኛን ትደግማለች አሉት።

ከዚያ ስንመለስ አባቴ መንገድ ላይ ቆመ። ስሙ ይሁኔ ነው፤ ያኔ በወረዳው መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ የቢሮ ቃላት ከአፉ አይጠፉም።

«ትምህርት ሲከፈት ጀሪካን አትነኪም» አለኝ። «ቃሌ ነው። የጣሪያችንን ዝናብ በታንከር እናጠራቅማለን። ፕሮጀክት ነው።»

አመንኩት። ከማመንም አልፌ፣ ታንከር አንዴ ከሞላ እንደ ምንጭ የማያልቅ መሰለኝ። በማግስቱ ቢጫ ጀሪካኔን ለጓደኛዬ ለብርቄ በስጦታ ሰጠኋት። «አንቺ መቅዳትሽ ስለማይቀር» ብዬ፣ እያዘንኩላት።

ታንከሩን ለመግዛት ሞጣ ድረስ ሄድን። እናቴ ብቸና የታንከር እጥረት እንደሌለ ደጋግማ ነግራው ነበር። ነገር ግን የቤታችንን ቆርቆሮ የሸጡልን የሞጣው ነጋዴ ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ አባቴ ደግሞ ከእሳቸው ሌላ ሰው ዘንድ ሄዶ ሚስማር እንኳ አይገዛም። ሐጂ ረጋ ያሉ፣ ጢማቸውን በሂና የቀቡ ሰው ነበሩ። ታንከሩን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉትና ለአባቴ ይነግሩት ጀመር።

«ይሁኔ፣ ይሄ ሲሞላ የቤት ያህል ይከብዳል። መደቡን በድንጋይና በሲሚንቶ አሠራው። አሸንዳው ውሃውን ወደ ታንከሩ እንዲያወርድ ዘንበል ይበል፤ በዓይንህ ሳይሆን በውሃ ልክ ለካው። ደግሞ የመጀመሪያውን ዝናብ እንዳታስገባ። እሱ ጣሪያው ራሱን የሚታጠብበት ነው።»

«ሐጂ፣ ዲዛይኑን ጨርሻለሁ» አላቸው አባቴ የደረት ኪሱን እየነካ። ኪሱ ውስጥ በእስክርቢቶ የሣለው ወረቀት ነበር።

ሐጂ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። አንድ ቴምር እጄ ላይ አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ አባትሽን አደራ» አሉኝ። ያኔ ስለ ጉዞው የሚሉ መስሎኝ መኪናው ውስጥ ብቸና እስክንገባ እጁን ይዤው መጣሁ። ታንከሩ ከላይ በገመድ ታስሮ፣ ነፋሱ አፉ ውስጥ እየገባ ያጓራ ነበር።

ሐምሌን በእልህ አሳለፍነው። እልህ ምላጭ ያስውጣል እንደሚባለው አባቴ ሐጂ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ አፈረሰው። መደቡን በድንጋይና በጭቃ ሠራው፤ «ሲሚንቶ ለሕንፃ ነው» አለ። ታንከሩ ሲቀመጥበት ወደ ምዕራብ ተንጋደደ። አባቴ አንገቱን ወደዚያው ወደ ምዕራብ ሰበር አድርጎ አየውና፣ «ቀጥ ብሏል» አለ። አሸንዳውን ሲሰቅል መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ዘንበል ያለው ወደ ወዲያኛው ጫፍ እንደሆነ ከታች ሆኜ በግልጽ ይታየኛል።

«አባዬ፣ ውሃው ወደዚያ አይሄድም?»

«አንቺ መሰላሉን ያዢ።»

የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ሁላችንም በር ላይ ቆመን ጠበቅን። ታንከሩ ውስጥ አንዲት ጠብታ አልገባችም። የጣሪያችን ውሃ በሙሉ እየተንዶለዶለ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ ጎረቤታችን እትዬ የሽወርቅ ደጅ ላይ ወረደ። እትዬ የሽወርቅም ቢሆኑ ጊዜ አላጠፉም፤ በርሜላቸውን አንከባለው ከሥሩ ደቀኑ። በማግስቱ ጠዋት አባቴ ወደ ሥራ ሲወጣ በአጥሩ በኩል መረቁት።

«ይሁኔ፣ ተባረክ! ሰው ለጎረቤቱ እንዲህ ሲያስብ በዚህ ዘመን ማን አየ? እድሜህን ያርዝመው!»

አባቴ አሜን አለ። ከዚያ በኋላ አሸንዳውን እንዴት ያዙረው? የመረቁትን ሴትዮ ውሃ ሊነጥቅ ነው? ይሉኝታ ያዘው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ይመረቃል፣ በየጠዋቱ አሜን ይላል፤ እትዬ የሽወርቅ ልብሳቸውን በዝናባችን እያጠቡ በአጥራችን ላይ ያሰጣሉ። እኔም በተበጣጠሰ ጃንጥላ ከሰው በተዋስኩት ጀሪካን ከቦኖ እቀዳለሁ። እናቴ በስተመጨረሻ፣ «ታንከሩ የእኛ፣ ዝናቡ የሷ፣ ምርቃቱ ያንተ» አለችውና ራሷ መሰላል ላይ ልትወጣ ተነሣች። ያን ጊዜ ወገቧን አስቦ ነው መሰለኝ አሸንዳውን አዞረው።

ነሐሴ ሲገባ ውሃ ታንከራችን ውስጥ ገባ። እልል አልን። ሲቀዳ ግን ውሃው ጠላ መስሎ ወጣ፤ የርግብ ኩስ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ አሸንዳው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሲያጠራቅም የከረመው ጭቃ፣ ሁሉም አለበት። ጣሪያውና አሸንዳው የታጠቡት እኛ ታንከር ውስጥ ነበር። ያ ሁሉ ውሃ ተደፋ። ታንከሩ ታጠበ፤ ማለቴ እኔ አጠብኩት፤ በአፉ የምገባው እኔ ብቻ ስለሆንኩ።

አባቴ ወገቤን በገመድ አስሮ በእጄ የልብስ መጥረጊያ ብሩሽና ትንሽ በረኪና አስይዞ አወረደኝ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ከላይ የምትገባዋ ብርሃን እንደ ምጣድ ክብ ሆና እግሬ ሥር ትወድቃለች። ይሞቃል። ዓይን ያቃጥላል። ስሜን ብጠራ ታንከሩ ደጋግሞ ጠራኝ። ያ አስደሰተኝና ትንሽ ስጫወት አባቴ ራሱን በታንከሩ አፍ አስገብቶ፣ «ማዕዘኑን! ማዕዘኑን እሺው!» ብሎ ጮኸ። ሒሳብ ቢያመልጠኝም ክብ ነገር ማዕዘን እንደሌለው አውቅ ነበር። ዝም ብዬ ፈተግኩ። ትምህርት ሊከፈት የቀረው ጊዜ ያስጨንቀኝ ጀምሯል፤ ነሐሴም ሊያልቅ ሲል ሰማዩ ጨክኖ ሰባት ስምንት ቀን አንዲት ጠብታ ሳይጥል ቀረ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። የእኛ ጉድ ጳጉሜን ሦስት ቀን መጣ።

የሩፋኤል ዕለት የሚወርድ ዝናብ ጸበል ነው። ይሄን የማያውቅ የለም። ሴቶች ገና በጠዋት ሳፋና እንስራ ደጅ ያወጣሉ፤ ከዝናቡ ትንሽ ተይዞ ለበረከት ሊጥ ውስጥ ይጨመራል። ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ዝናቡ ውስጥ እየዘለሉ «ሩፋኤል አሳድገኝ! ሩፋኤል አሳድገኝ!» ይላሉ። የዚያን ዕለት የዘነበው ዝናብ የነሐሴን ዕዳ በሙሉ የከፈለ ነበር። ከረፋድ እስከ አመሻሽ አላባራም። እኔም በውስጥ ቀሚሴ ግቢው መሐል ቆሜ ዘለልኩ። አባቴ ኮቱን በራሱ ላይ ጥሎ ታንከሩን በየጊዜው በጣቱ እያንኳኳ ውሃው የደረሰበትን ይነግረን ነበር፤ «ግማሽ! ... ትከሻው ላይ! ... አንገቱ ላይ!» በመጨረሻ ከአፉ ሞልቶ ፈሰሰ። ሁለት ሺህ ሊትር። አባቴ እናቴን አቅፎ አዞራት፤ እሷም ወገቧን እያለች ሳቀች። ቃሉ ተፈጽሟል፤ ለእኔ ጉዳዩ አልቋል።

በማግስቱ ጠዋት በባዶ እግሬ ጭቃውን አቋርጬ ሄድኩና የታንከሩን ቧንቧ ከፍቼ እግሬን ዘረጋሁ። ውሃው ሳይነካኝ አንድ የደረቀ ጠንካራ እጅ አንጓዬን ያዘኝ።

«በስመ አብ! የሩፋኤልን ጸበል እግርሽ ላይ?»

እማሆይ ናቸው። ቧንቧውን ራሳቸው ዘጉት። ከዚያ መቋሚያቸውን ታንከሩ ላይ አስደግፈው ለቤቱ ሁሉ ሕጉን አወጁ። ይህ ውሃ ጸበል ነው። በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ ሊጥ ውስጥ ይገባል፣ በሽተኛ ይረጭበታል። እግር አይታጠቡበትም፣ ዕቃና ልብስ አያጥቡበትም፤ የሚረገጥ መሬት ላይም አይደፉትም።

አባቴ ተከራከረ። «እማሆይ፣ ከሩፋኤል በፊት የገባ ውሃም ከሥሩ ነበረበት እኮ።»

«ቢኖርበትስ?»

«ሁሉም ጸበል አይደለም ለማለት ነው። ፐርሰንቱን ብናሰላ...»

«ይሁኔ፣ አንድ ጣሳ ጸበል ባሕር ውስጥ ቢጨመር ባሕሩ ጸበል ይሆናል ወይስ ጸበሉ ባሕር ይሆናል?»

አባቴ ወደ ነፍስ አባታችን ሄደ። ነፍስ አባታችን መጡ፣ ታንከሩን ዞረው አዩት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እማሆይን በጎን አዩ። «እንግዲህ ... እሳቸው ትልቅ ናቸው፤ እሳቸው ካሉ እኔ ምን እጨምራለሁ» አሉ። ሲወጡ ትንሽ ጠርሙስ አውጥተው አስሞሉ። ከእሳቸው በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ጠርሙስ ይዞ ይመጣ ጀመር፤ ከሁሉም ፊት እትዬ የሽወርቅ። በጠርሙስ የሚቀዳ ታንከር ግን አይጎድልም።

ትምህርት ተከፈተ። ብርቄ ቤት ሄጄ ጀሪካኔን መልሺልኝ ስላት ዓይኗን ሰበረች። ወገቡን ቆርጣ የዶሮ ውሃ መጠጫ አድርጋዋለች። ከጎረቤት በተዋስነው፣ ጎኑ በሚያንጠባጥበው ጀሪካን እንደገና ቦኖ ላይ ተሰለፍኩ። ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ ቤቴ ትቼ! እናቴ በየጠዋቱ ስወጣ እያየች፣ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ትላለች፤ ሌላ አትልም። ጋሽ አድማሱም ከበሩ ወዲያ ሆነው፣ «አንቺ ልጅ፣ ዘንድሮም?» ይሉኛል።

ይህም አልበቃ። አባቴ የታንከሩን ቧንቧ ሲገጥም ጥርሱን በደንብ አላጠበቀውም ነበርና ማንጠባጠብ ጀመረ። ጠብ፣ ጠብ። ጸበል ነው፤ መሬት ላይ ሊወርድ አይገባም። እማሆይ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አኖሩ። ሳህኑ ሲሞላ የት ይደፋ? ወደ ታንከሩ መመለስ አለበት። ማን ይመልሰው? መሰላል የሚወጣ ማን አለ?

እኔ። ጠዋት ከቦኖ ውሃ ወደ ቤት እሸከማለሁ፤ ከዚያ ከራሳችን ታንከር ውሃ ወደ ራሳችን ታንከር እሸከማለሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚለውን ተረት የፈለሰፈው ሰው እኛን ሳያይ አልቀረም። አባቴን ቧንቧውን አጥብቀው ስለው፣ «ታንከሩ ሳይጎድል አይፈታም፤ ሜንቴናንሱ ይታሰብበታል» አለኝ። ታንከሩ ደግሞ ጸበል ስለሆነ አይጎድልም። ትራሴን ነክሼ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው፤ በሐዘን አይደለም፣ በብሽቀት።

በሁለተኛው ሳምንት ርእሰ መምህሩ ስሜን በቀይ እስክርቢቶ ጻፉ። «አንድ ሳምንት እሰጥሻለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ብታረፍጂ አባትሽን ጠርቼ ያልኩትን እፈጽማለሁ» አሉኝ። ለአባቴ ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ፤ ወደ እማሆይ ክፍል አየ፤ ራሱን ያዘ። እናቱን መናገር ፈራ። እኔን ማስደገም ያን ያህል አላስፈራውም ብዬ ደመደምኩ፤ ለብዙ ጊዜም በልቤ ይዤበት ነበር።

የተሰጠኝ ሳምንት ያለቀበት ቀን፣ ሮጬ ሮጬ ትምህርት ቤት ስደርስ በሩ ተቀርቅሯል። ጋሽ አድማሱ በቀዳዳው አይተውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። መጮህም መለመንም አልፈለግሁም። ዞሬ ወደ ቤት ተመለስኩ። እናቴ ገበያ፣ አባቴ ቢሮ ነበሩ። ከጓሮ ግን ድምፅ ሰማሁ።

«ኧረ ሩፋኤል ... ኧረ ሩፋኤል ...»

እማሆይ መሰላሉ ላይ ናቸው። ሳህኑ ሞልቶ እኔ ስላልነበርኩ ራሳቸው ሊመልሱት ወጥተዋል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ መውጣትም መውረድም አልቻሉም። በአንድ እጃቸው መሰላሉን፣ በሌላው ሳህኑን ይዘው ቀርተዋል።

ሮጬ ከሥር እግራቸውን ያዝኩ። «እማሆይ፣ ሳህኑን ይጣሉት!»

«ጸበል አልጥልም!»

«ይወድቃሉ!»

«ብወድቅ ይሻላል!»

ያን ጊዜ የክረምቱ ንዴት ሁሉ ገነፈለ። ቁርጭምጭሚታቸውን እንደያዝኩ፣ «ይጣሉት ብያለሁ!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸውን ቀና ብሎ የተናገረ ሰው በቤታችን አላየሁም፤ እኔ ግን ጮህኩ። ይሄ ሲሆን እጃቸው ከዳቸውና ሳህኑ ተገለበጠ። ጸበሉ በሙሉ አናቴ ላይ ወረደ፤ በፊቴ፣ በዩኒፎርሜ፣ በእግሬ አልፎ ጭቃው ላይ ፈሰሰ። የቆምኩት እላዩ ላይ ነበር። ሁለታችንም መሬቱን አየን። መሬት አልተከፈተችም።

ቀስ አድርጌ አወረድኳቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ብዙ ተነፈሱ። ከዚያ ገና አሁን ያዩኝ ይመስል፣ «አንቺ፣ ትምህርት ቤት የለሽም ዛሬ?» አሉ።

«ተዘግቶብኛል።»

«ማን ዘጋብሽ?»

«አንቱ ነዎት የዘጉብኝ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ፤ ግን አልመለስኩትም። ቦኖውን፣ ሒሳቡን፣ በቀይ የተጻፈውን ስሜን፣ ሰባተኛን ልደግም መሆኑን፣ ሁሉንም እያለቀስኩ ዘረገፍኩት። እሳቸው አላወቁም ነበር። ማን ነግሯቸው? ይህን ሁሉ ጊዜ በዚያ ቤት ውስጥ አፉን የከፈተ አልነበረም።

ከሰሙኝ በኋላ፣ «የሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ውስጥ ቆመሽ ምን እያልሽ ነበር የምትጮሂው?» አሉኝ።

«አሳድገኝ ነዋ።»

«በልብሽስ?»

«ሒሳብ እንድገባ።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ቀኑን ሙሉ አልወጡም፤ እኔም በእሳቸው ላይ የጮህኩት ለአባቴ ሊነገር ነው ብዬ ምግብ አልወርድልኝ አለ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጀሪካኑን ፍለጋ ወጣሁ። ጀሪካኑ በር ላይ የለም። ዞር ብዬ ሳይ ታንከሩ ሥር ነው፤ ሞልቷል። እማሆይ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቧንቧው በትንሹ ተከፍቷል፤ ውሃው እየተንኳለለ በሚረገጠው መሬት ላይ በነጻ ይሄዳል።

«እግርሽን አምጪ» አሉኝ።

«እማሆይ ...»

«አምጪ ብዬሻለሁ! ሩፋኤል ልጅ እንዲያሳድግ ይለመናል እንጂ በርሜል እንዲጠብቅ አልተላከም። እኔ አሮጊቷ ነኝ ዘበኛ ያደረግሁት።» ጎንበስ ብለው በዚያ በደረቀ እጃቸው እግሬን አጠቡኝ፤ በጣቶቼ መሐል ያለውን ጭቃ ሳይቀር። ውሃው ይቀዘቅዝ ነበር። ትናንት በያዝኩት ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የጣቴ ምልክት አሁንም ነበር። ስላስቀየምኳቸው ይቅር በሉኝ ልል ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም።

«ሂጂ አሁን። በሩን ሳይዘጉት» አሉኝ።

ትምህርት ቤት ስደርስ በሩ ገና አልተከፈተም። ጋሽ አድማሱ ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ መጥተው አዩኝ። «ምነው፣ ታመሻል እንዴ?» አሉኝ።

ርእሰ መምህሩ ያችን አንድ ቀን ይቅር አሉኝ። ታንከሩ የጥቅምት ወር ሳያልቅ ደረቀ፤ ማለቁ የማይቀር መሆኑን ያኔ ገባኝ። እስከዚያ ድረስ ግን አንድም ቀን አላረፈድኩም። ሲደርቅ ደግሞ ከቦኖው ሰልፍ ላይ ጀሪካን ይዞ የቆመ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ታየ። እማሆይ ምን ብለውት እንደሆነ አልነገረኝም። ከተማው አልሳቀም፤ ቢስቅም አልሰማንም።

ባለፈው ጳጉሜን ታንከሩን አጥቤ ስጨርስ እናቴ ከበር ላይ ሆና፣ «ቧንቧውን ማዞር እንዳትረሺ!» አለችኝ።

ይህ የአባቴ ሕግ ነው። ክርክሩ እንዳይደገም ብሎ፣ ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ጳጉሜን ሁለት ቀን ከአሸንዳው የሚወርደውን ቧንቧ ወደ ቦዩ ያዞረዋል፤ ሩፋኤል ሲያልፍ ይመልሰዋል። የዓመቱ ደህና ዝናብ ይኸው በቦይ ይሄዳል። እማሆይ አዙረው ብለውት አያውቁም። እሱም አልጠየቃቸውም፤ ፈራ። ከማረፋቸው በፊት አንድ ቀን ለእኔ፣ «ልጄ የሩፋኤልን ዝናብ በየዓመቱ ለምን ቦይ ውስጥ እንደሚሰደው አልገባኝም። ዲዛይን ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ» አሉኝ። ለአባቴ ነገርኩት። «ከለመድነው በኋላ ምን ይደረግ» አለ። ራሴን ከግድግዳ ጋር ላጋጨው ነበር።

ታንከሩ ባዶ ነው። ከሩፋኤል በኋላ ብዙ ዝናብ አይኖርም። እናቴ በዚያ ወገቧ በጋውን ውሃ ከየት ልታመጣ ነው? መሰላሉ ላይ ቆሜ የአሸንዳውን ቧንቧ በሁለት እጄ ያዝኩት። ከዚያ እንደነበረ ትቼው ወረድኩ።

ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው አባቴ ከውስጥ ተጣራ። «ስመኝ! ቧንቧውን አዙረሽዋል አይደል?»

«አላዞርኩትም!»

ውሃው በባዶው ታንከር ውስጥ ሲወርድ ቤቱ ሁሉ ይሰማዋል። አባቴ ጋቢውን ለብሶ ወጣና ዝናቡ ሥር ቆመ፤ እኔን ሳይሆን ታንከሩን ነበር የሚያየው። አሁንም ተንጋዷል፤ ቧንቧው አሁንም ያንጠባጥባል፤ ሜንቴናንሱ አሁንም እየታሰበበት ነው። አባቴ በጣቱ አንኳኳው። «ጉልበቱ ላይ ደርሷል» አለ።

ከዚያ እማሆይ ይቀመጡበት ወደነበረው ድንጋይ ሄዶ ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀ። ያረጁ እግሮቹን ከታንከሩ ቧንቧ ሥር ዘረጋና፣ «እስቲ ክፈቺው» አለኝ።